ሁለት ዓመት በዶት ኮም ዶት ኢቲ

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። የሠርግ ካርድ፣ ማኅተም፣ ዘመን መለወጫ ሲደርስ ካላንደር። ቢዝነስ ካርድ በየቀኑ ስለማትም ማን ምን አድራሻ እንዳለው አየዋለሁ። አብዛኛው ጂሜይልና ቴሌግራም ነው። እኔ ግን መጨረሻው ዶት ኮም ዶት ኢቲ (.com.et) በሆነ የሳይትና የኢሜይል አድራሻ መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ እንዴት ነው እያላችሁ ለምትጠይቁኝ እነሆ።

በፊት ዶት ኮም ነበረኝ። የነበረኝ መስሎኝ ነው እንጂ። ሳይቱን የሠራልኝ ልጅ ስሙን ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ኖሯል። እኔ ይሄን በምን አውቄ! ብሩን ከፈልኩ፣ ሳይቱ ተከፈተ፣ በቃ። ዶሜይን፣ ማለትም የሳይቱ ስም፣ ግን እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ካላደሱት ይወሰዳል። ማስታወሻው ለልጁ ይሄዳል፣ ልጁ ስልክ ቀይሯል፣ አንድ ቀን ጠዋት ሳይቴ የለም። ዶት ኮም ቀኑ አልፎበትም ቢሆን ወዲያው አይሸጥም፤ መጨረሻ ላይ እንኳ በተጨማሪ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ። ግን ለማን? በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ እኔ አይደለሁማ። አሁን ስሜን የማላውቀው ሰው ይዞታል።

ኮም ዶት ኢቲውን ሳወጣ ንግድ ፈቃዴን አቀረብኩ፣ በድርጅቴ ስም ተመዘገበ። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ መዝገቡ እዚሁ አገር ነው። ለመንግሥት ጎቭ፣ ለትምህርት ቤት ኢዲዩ፣ ለማኅበራት ኦርግ ከፊቷ ይገባል፤ ስድስት ኪሎ ያለው ዩኒቨርሲቲ ራሱ ኢዲዩ ዶት ኢቲ ነው።

በነገራችን ላይ ኢቲን እኛ የመረጥናት አይደለችም። የአገሮቹ ባለ ሁለት ፊደል ኮድ ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ዝርዝር እንዳለ የተወሰደ ነው፣ አገር የቱ ነው የቱ አይደለም ከሚል ጭቅጭቅ ለመዳን። የኛ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኢንተርኔት ለሕዝቡ የደረሰው በ1997! ስሟ ከመስመሩ ቀድማ መጣች ማለት ነው። ነገሩ ደግሞ የዕድል ጉዳይ አለበት፤ ቱቫሉ ቲቪ ደረሳትና ለቴሌቪዥን ሰዎች ታከራየዋለች፣ አንጉዊላ የምትባል የካሪቢያን ደሴት ኤአይ ደርሷት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ገንዘብ ታፍሳለች። እኛ ኢቲ። ምን ይደረግ።

አሁን ወደ ቅሬታው። ስሙ ይረዝማል። ሰው «ዶት ኮም» ሲል አፉ እዚያው ይቆማል፤ ጆሮውም ከዚያ በኋላ ያለውን አይሰማም። ባለፈው ጥር አንዲት ደንበኛ የሠርግ ካርዷን ጽሑፍ በኢሜይል ላከችልኝ፤ ኢቲን ትታ። የሄደው የድሮ ስሜን ወደያዘው ሰውዬ ነው። ተመልሶ እንኳ አልመጣላትም፣ ስለዚህ እሷ ደርሶታል ብላ አራት ቀን ጠበቀች፣ እኔም መላኳን ሳላውቅ ቁጭ ብያለሁ። ሌሊት ሠርተን አደረስንላት እንጂ ጉድ ፈልቶ ነበር። እና ዶት ኮሙ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ቢያንስ የድርጅታችሁን ስም ትንሽ ለወጥ አድርጉ፤ እኔ በግትርነቴ ያንኑ ስም ይዤ ነው የተጎዳሁት።

ከ5 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ 3 ተኩል። ለማደስ ግን አላመነታሁም።

ካርዴ ላይ ኢቲን ብቻ በቀይ አትሜያታለሁ። በስልክ ሲጠይቁኝ ደግሞ «ኢቲን እንዳትረሱ፣ እንደ አየር መንገዱ የበረራ ቁጥር» እላለሁ። አንድ ጋሼ ሳቁብኝ። «አየር መንገዱ ራሱ እኮ ዶት ኮም ነው የሚጠቀመው!»