ቀዝቃዛ አየር የማያስገባው «ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ»፦ ከስምንት ወር በኋላ

የውጭው ሙቀት 24 ዲግሪ፣ መኪናዋ መብራት ይዟት ሦስት ደቂቃ ቆማለች፤ ሞተሩ የሚስበው አየር 61 ዲግሪ። ቁጥሩ ከመሪው ሥር ባለው፣ የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ በሚነበብበት የኦቢዲ ሶኬት ላይ በተሰካ ተራ አንባቢ የሚታይ ነው። ይህ እንግዲህ ለሞተሩ ቀዝቃዛ አየር አስገብቶ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የሚሸጠው፣ ካርቶኑ ላይ «ቀዝቃዛ» ተብሎ የተጻፈበት ኪት ነው።

ነገሩ ምስጢር የለውም። የፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን ዝግ ነው፤ አየር የሚስበውም ከግሪሉ በኩል ነው። ኪቱ እሱን አስወጥቶ ክፍት ሾጣጣ ፊልትሮ ከራዲያተሩ ኋላ ይተክላል፤ ቬንትሌተሩ ትኩሱን አየር እላዩ ላይ ይነፋበታል። ከ24 ወደ 61 ዲግሪ ሲወጣ አየሩ 11 በመቶ ያህል ይሳሳል። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ነዳጁ ያለአግባብ ነዶ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ሲል ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ያዘገያል። ጉልበቱ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ሻጭ «ድምፁን ስማውማ!» ይላል። ድምፁስ ያምራል፤ ጆሮ ግን የፈረስ ጉልበት አይለካም። ጥፋቱን በአሉሚኒየም ቱቦው ላይ አሳቦ መጠቅለያ ጨርቅ ሊጨምርልህም ይሞክራል። አትግዛ። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ አየሩ ቱቦው ውስጥ የሚቆየው ከዓይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ስለሆነ ብዙም አይሞቅም። ችግሩ ያለው አየር የሚሳብበት አፉ ጋ ነው።

መፍትሔው ፊልትሮውን ዙሪያውን በጋሻ መከለል ነው። መጀመሪያ በካርቶን ልክ ይወሰዳል፤ ከዚያ 1.5 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ይቆረጣል፤ ከግሪሉ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይሳብለታል። ዋናው ጣጣ የላይኛው ጠርዝ ነው። የልጆች መጫወቻ ፕላስቲን በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ጠርዙ ላይ ጠብ ጠብ አድርገህ ኮፈኖውን ዝጋና ክፈት፤ የተጨፈለቀው ውፍረት ክፍተቱን ይነግርሃል። ጠርዙ ላይ የሚገጠመው ላስቲክ ከዚያ ክፍተት በ5 ሚሊ ሜትር ይብለጥ። ጣት የምታህል ክፍተት ከቀረች ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። አሁን ሞተሩ የሚስበው አየር መንገድ ላይ ከውጭው በ6 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል፤ ሲቆም ወደ 45 ይወጣል፣ ሲነሳ ግን ቶሎ ይወርዳል።

ፊልትሮው ታጥቦ ዘይት ሲቀባ እጅ ካልተቆጠበ ትርፉ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ሽቦ ላይ ይለጠፋል። የሚጸዳው ለሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ነው፤ ብሩሽ አይነካውም። ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ የሚጨምረው ነዳጅ ከ10 በመቶ ካለፈ ደግሞ ቱቦውን የሚያስሩት ፋሸታዎች አየር ያስገቡ እንደሆነ፣ ወይም ሴንሰሩ የተተከለበት ቱቦ ከፋብሪካው ይሰፋ እንደሆነ ፈትሽ።

የቀረው ደህና ነው፤ ምንም አልዛገም፣ ምንም አልላላም።

ጋሻውን ከነላስቲኩ ካርቶኑ ውስጥ ያልጨመረ ሻጭ ግማሽ ዕቃ በሙሉ ዋጋ ሸጧል። «እንግዲያው ከፓራውልቱ ሥር የሚወርደውን ረጅሙን ቱቦ ውሰድ» ካለህ፣ ፊልትሮው ኩሬ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ሲያጣምም ማን እንደሚከፍል ጠይቀው።