የዲስኩ ቁልፍ ከፒሲአር 4 ወይስ ከፒሲአር 7 ጋር ይታሰር?

የሉክስን (የሊኑክስ ዲስክ ምስጠራ) ቁልፍ በቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ከፒሲአር 4 ጋር ማሰር ጥብቅ ነው፤ ፒሲአር ማለት ቺፑ ማሽኑ ሲነሳ የተለካውን የሚይዝበት መዝገብ ነው፤ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ላይ አንድ ባይት ብትቀየር ቁልፉ አይለቀቅም። ጣጣው ግን ቡትሎደሮቹ ግራብ ወይም ሺም አፕዴት በተደረገ ማግስት ነው፦ ሪስታርት ያደረጋችሁት ሰርቨር የይለፍ ቃል እየጠየቀ ተገትሮ ይቀራል። ዳታ ሴንተሩ ሩቅ ከሆነማ ጉድ ፈላ።

ፒሲአር 7 የሚመዘግበው የሴኪዩር ቡትን (ማሽኑ ሲነሳ የተፈረመ ፕሮግራም ብቻ የሚያስገባው ጥበቃ) ሁኔታና የፈራሚውን ሰርተፍኬት ስለሆነ ተራ አፕዴት አያናጋውም። ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ወይም ዲቢኤክስ፣ ማለትም የታገዱ ፊርማዎች ዝርዝር፣ ሲታደስ ግን ይቀየራል። ፒሲአር 7 ኢኒትራምኤፍኤስን (ሊኑክስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭነውን ጊዜያዊ የፋይል ሲስተም) አይለካም፤ እሱ ፒሲአር 9 ላይ ነው።

ለርቀት ሰርቨር 7 ይሻላል። ሰርቨሩ የይለፍ ቃል እየጠየቀ ከቆመ መጀመሪያ ሴኪዩር ቡት አለመጥፋቱን እዩ፤ ከዚያ በይለፍ ቃል ገብታችሁ በሲስተምድ-ክሪፕትኢንሮል ትዕዛዝ የድሮውን የቲፒኤም ስሎት (በሉክስ ውስጥ ያለ የቁልፍ ቦታ) አጥፉና እንደገና እሰሩ። የይለፍ ቃሉን ስሎት እንዳትነኩ።