ያለ ጣሪያ የሚቆም የመምቻ ከረጢት፦ ቤት ለሚለማመዱ

የቴኳንዶ ስልጠና ላይ ፓድ (በእጅ የሚያዝ የመምቻ ትራስ) የሚይዝላችሁ ጓደኛ አለ፣ የሚያርማችሁ ማስተር አለ። ቤት ስትገቡ ሁለቱም የሉም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የገዛሁት ቋሚ የመምቻ ከረጢት ነው። ጣሪያ ላይ አይንጠለጠልም፤ ከታች ውሃ ወይም አሸዋ የሚሞላ መቀመጫ አለው። ጣሪያ መብሳት ለማይችል የቴኳንዶ ሰልጣኝ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

አሸዋ ሙሉበት። የኔ መቀመጫ 60 ሊትር ይይዛል። በውሃ 60 ኪሎ ነው፣ በደረቅ አሸዋ ግን ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። ውሃ ሲሆን ጠንከር ያለ ዶልዮ ቻጊ (ዞሮ ከጎን የሚያርፍ የእግር ምት) ባረፈበት ቁጥር ይንሸራተታል፤ ልምምዱ ከረጢት በመጎተት ያልቃል። ከሥሩ ወፍራም የስፖርት ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወለሉም ይተርፋል፣ ድምፁም ይቀንሳል።

ከሁሉም የወደድኩለት ርቀት ማስተማሩን ነው። አየር ስንመታ ሁሉም ምት ያማረ ይመስለናል። እዚህ ግን ከቀረባችሁ እግሩ ሳይዘረጋ ይቀራል፣ ከራቃችሁ ጣት ብቻ ይነካል። የእግር ጀርባ በትክክል ሲያርፍ «ጧ!» ይላል። ያ ድምፅ ሲጠፋብኝ ቶሎ የማየው የቆምኩበትን እግር ነው። ተረከዙ ወደ ከረጢቱ ካልዞረ ዳሌ አይከፈትም፣ ጉልበትም ይጠመዘዛል። ስለዚህ መጀመሪያ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ሥሩት። ጉልበት አንዴ ከተጎዳ ቶሎ አይመለስም። ከረጢቱ ተመቶ ሲወዛወዝ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደኋላ በሉና ሲመለስ ጠብቃችሁ ምቱት። ታይሚንግ የሚመጣው በዚህ ነው።

ጉድለቱ መቀመጫው ሰፊ መሆኑ ነው። ተጠግቶ በጉልበትና በክርን መምታት አይመችም፣ የቆማችሁበት እግር ከጠርዙ ጋር ይጋጫል። ለሙአይ ታይ (ጉልበትና ክርን ለሚጠቀመው የታይላንድ ቦክስ) ሰዎች የሚንጠለጠለው ይሻላል። ሌላው፣ ከረጢት መልሶ አይመታም፤ እጅ ቀስ በቀስ ከአገጭ ይወርዳል። እኔ ፊት ለፊት መስታወት አቁሜያለሁ፣ በጣም ረድቶኛል። ለፑምሴ (ብቻችሁን በቅደም ተከተል ለምትሠሩት የተወሰነ የእንቅስቃሴ ስብስብ) ግን ምንም አትግዙ። የመጀመሪያው የቴጉክ ፑምሴ፣ የቴጉክ ኢል ጃንግ፣ 18 እንቅስቃሴዎች የሚፈልጉት ባዶ ወለል ብቻ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የመሙያውን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። አፉ ጠባብ ከሆነ አሸዋ መሙላቱ መከራ ነው።