«1390» የሌዘር መቁረጫ ማሽን፦ አቆራረጡ የሚያስመሰግን፣ የደኅንነት አሠራሩ ግን ያልተሟላ

ለማስታወቂያ ሥራችን የገዛነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ማሽን በገበያው «1390» ተብሎ የሚጠራው፣ 1,300 በ900 ሚሊ ሜትር የሥራ ገበታና ባለ 100 ዋት ቱቦ ያለው ነው። ስምንት ወር ያህል በየቀኑ ሠርተንበታል። ይህን ግምገማ የምጽፈው፣ ማሽኑን ሊገዙ መጥተው ከሚያማክሩኝ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ ጠይቀው ስለ ደኅንነቱ ሳያነሡ ስለሚሄዱ ነው።

ስለ አቆራረጡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 5 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ (መስታወት መሳይ ፕላስቲክ) ጠርዙ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ይወጣል፤ ቀጫጭን የአማርኛ ፊደላት እንኳ ማዕዘናቸው ሳይበላሽ ይቆረጣሉ። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከክዳኑ ነው። በዓለም አቀፉ የሌዘር ምደባ መሠረት፣ ያለማቋረጥ የሚወጣ ጨረር ኃይሉ ከ0.5 ዋት ካለፈ የመጨረሻው አደገኛ ምድብ በሆነው በክፍል 4 ውስጥ ይገባል፤ የእኛ ማሽን የዚህ ወሰን 200 እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ጨረር ከሰው ጋር አብሮ ሊውል የሚችለው በሳጥን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲታሸግና ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ሲቋረጥ ብቻ ነው። ማሽኑን በተረከብንበት ቀን መነጽር አድርገን፣ በዝቅተኛ ኃይል ካርቶን እያስቆረጥን ክዳኑን በረጅም ዘንግ ከፍ ብናደርገው ጨረሩ ሳይቋረጥ ሥራውን ቀጠለ። ክዳኑ ሲከፈት ጨረሩን ማቋረጥ ያለበት ስዊች በቦታው ተገጥሟል፤ ሽቦው ግን ከመቆጣጠሪያው ጋር አልተያያዘም ነበር። ሻጩ «ሥራው በየጊዜው እንዳይቋረጥባችሁ ብለን ነው» የሚል መልስ ሰጠን። ይህን መልስ ልቀበለው አልቻልኩም፤ በግማሽ ቀን ሥራ በኤሌክትሪክ ባለሙያ የተስተካከለ ጉድለት የአንድ ወጣት ሠራተኛ ዓይን ሊያጠፋ ይችል ነበርና።

ሁለተኛው ጉዳይ መነጽሩ ነው። ከማሽኑ ጋር በስጦታ መልክ የመጣው አረንጓዴ መነጽር ለየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደተሠራ አልተጻፈበትም። የዚህ ማሽን ጨረር 10,600 ናኖ ሜትር ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ በገበታው ላይ የምናየው ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ብቻ ነው። ጨረሩ ዓይን ላይ ቢያርፍ ኮርኒያ የሚባለውን የፊት ሽፋን ያቃጥላል። ብረት የሚቆርጡት የፋይበር ሌዘሮች ደግሞ 1,064 እስከ 1,080 ናኖ ሜትር አካባቢ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ጨረራቸው በኮርኒያው አልፎ ሬቲና በሚባለው፣ ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን ላይ ይከማቻል፤ ሬቲና ሕመም ስለማይሰማው ተጎጂው ጉዳቱን የሚያውቀው ማየት ሲሳነው ሊሆን ይችላል። የማሽናችን ጥርት ያለ የአክሪሊክ መስኮት ተንጸባርቆ የሚመጣን የ10,600 ጨረር ያስቀራል፤ የፋይበሩን ጨረር ግን እንደ ተራ መስታወት ያሳልፈዋል። ስለዚህ አንዱን መነጽር ለሁለቱም ማሽኖች ማዋል ከባድ ስሕተት ነው። እኛ የስጦታውን መነጽር አስወግደን፣ የሞገድ ርዝመቱና የመከላከል መጠኑ የታተመበትን ገዛን። መጠኑ 6 የሚል ከሆነ ከጨረሩ የሚያልፈው አንድ ሚሊዮንኛው ብቻ ነው ማለት ነው። ይህም ቢሆን ጨረሩን ፊት ለፊት እንድናይ ፈቃድ አይሰጥም።

የጭስ መሳቢያው ማራገቢያ ለአክሪሊክ በቂ ነው፤ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ ለሚሠራው ሰሌዳ፣ ለኤምዲኤፍ ግን ስለሚያንስ ሁለተኛ ጨምረናል። የትኛውም ማራገቢያ ግን የማያስፈቅደው ነገር ፒቪሲ የተባለውን ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ መቁረጥ ነው። ስቲከር፣ ባነርና ብዙ ዓይነት ሰው ሠራሽ ቆዳ ፒቪሲ አለባቸው፤ በሌዘር ሲቃጠሉ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ሐዲድ ያዝጋል። ደንበኛ ምንነቱን የማያውቀውን ፕላስቲክ ሲያመጣ፣ የጋለ የመዳብ ሽቦ ናሙናው ላይ ነክተን፣ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ ወደ እሳት እንመልሰዋለን፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን ሊኖርበት ስለሚችል ሥራውን አንቀበልም።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው የማቀዝቀዣው ውኃም ሊታሰብበት ይገባል። ውኃው ሲቆም ቱቦው እንዳይበራ የሚያደርገው መቆጣጠሪያ በእኛ ማሽን በትክክል ይሠራል፤ ለዚህ ሻጩን አመሰግናለሁ። የቱቦው ኃይል ሰጪ ከ15,000 ቮልት በላይ ስለሚያመነጭ ግን የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት መሰካት ፈጽሞ አይገባም፤ የእኛ ሕንፃ ስላልነበረው የመዳብ ዘንግ አስቀብረን ነው ሥራ የጀመርነው። አክሪሊክ በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም፣ ማሽኑ እየቆረጠ ማንም ሰው ለስልክ እንኳ ከክፍሉ አይወጣም፤ እሳት ማጥፊያውም በሩ አጠገብ ተሰቅሏል።

ማሽኑን ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ፤ ነገር ግን የክዳኑ ፍተሻ በዓይኔ ፊት ሳይደረግ የመጨረሻውን ክፍያ አልፈጽምም። ረጅም ጣውላ የሚያልፍበት የኋላ በር እስካሁን ስዊች የለውም። ሻጩ እንደሚልክ ቃል ከገባ ሦስት ወር ሆኖታል፤ እስኪመጣ ድረስ በሩን በቁልፍ ዘግተን፣ ቁልፉን እኔ ይዣለሁ።