ባለ ስምንት ፈትል ጉንጉን የዓሣ ክር፦ ቋጠሮውን ለሚያውቅበት
ለዓመታት ያጠመድኩት በናይለን ክር ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ከፖሊኢትሊን የተሠራ ባለ ስምንት ፈትል ጉንጉን ክር ይዣለሁ። ለጥንካሬው በጣም ቀጭን ነው። አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ ዓሣው ማጥመጃውን ገና ሲነካካው ጣቴ ላይ ይሰማኛል። ለዚህ ብቻ እንኳ ደጋግሜ እገዛዋለሁ።

ፈተናው ቋጠሮው ነው። በመጀመሪያው ቀን የለመድኩትን ክሊንች የሚባለውን ቋጠሮ አሰርኩ፤ አምስት ጊዜ ጠምዝዤ ጫፉን መንጠቆው አጠገብ በተፈጠረው የክሩ ቀለበት አሳለፍኩ። ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩ አልተበጠሰም፤ ተንሸራቶ ተፈታ። ያ ዓሣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የማስረው ፓሎማር የሚባለውን ቋጠሮ ነው። ክሩን አጥፌ፣ ድርቡን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፌ፣ ላላ ያለ ቋጠሮ እሠራለሁ። ከዚያ መንጠቆውን በሙሉ በታጠፈው ክር ቀለበት ውስጥ አሾልኬ ክሩንም ትርፍ ጫፉንም አንድ ላይ እስባለሁ። ከመሳቤ በፊት በምራቅ አርሰዋለሁ፤ ደረቅ ክር ሲፋተግ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ያዳክመዋል። ትርፉን 5 ሚሊሜትር ያህል አስቀርቼ እቆርጣለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቋጠሮ አልተፈታብኝም።

ቀለሙ ቶሎ ይለቃል፤ ይህ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ድንጋይ ላይ ሲታሽ ቶሎ መበላቱ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ፍሎሮካርቦን የሚባል፣ መታሸትን የተሻለ የሚቋቋም ክር አንድ ሜትር እቀጥላለሁ፤ የማያይዛቸው በድርብ ዩኒ ቋጠሮ ነው፣ ጉንጉኑን ስምንት ዙር፣ ፍሎሮካርቦኑን አምስት ዙር። ለመቁረጥ ደግሞ ስለታም መቀስ ያዙ፤ የደነዘ መቀስ ፈትሉን ያንጨፈርረዋል።