ቢጫ ካርድ ወይስ ቱሪስት ቪዛ?

ባለፈው ዓመት ፒያሳ ተቀምጠን እህቴ ማኪያቶዋን ትታ፣ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ማህተም እያየች ቀን ስትቆጥር አየኋት። እማዬን ልታስታምም ከውጭ መጥታ፣ ቪዛዋ ሊያልቅ የቀረው አራት ቀን ነበር። አንጀቴን በላችው።

ቱሪስት ቪዛ ቀላል ነው። ባሉበት ሆነው በኦንላይን ይሞላሉ፤ የ30 ወይም የ90 ቀን ይወስዳሉ። ሠርግ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። መሥራት ግን አይቻልም። ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ።

ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የውጭ ዜግነት ላለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው መታወቂያ፣ መነሻው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ወረቀት ይበዛዋል። የድሮ ፓስፖርት፣ የልደት ካርድ ወይም የወላጅ ማስረጃ ፍለጋ መንከራተት አለ። ካገኙት በኋላ ግን ያለ ቪዛ ይገባሉ፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ፤ ቤትም በስምዎ ይገዛሉ። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ መከላከያና ውጭ ጉዳይ መቀጠርም አይቻልም።

አልፎ አልፎ ለሁለት ሳምንት ብቅ ለሚል ቪዛው ይበቃዋል። የታመመ ወላጅ ላለው፣ ወይም እዚሁ ስታዲየም አካባቢ ሱቅ ልክፈት ለሚል፣ እኔ ቢጫ ካርዱን ነው የምለው። እህቴም አሁን ወረቀቷን እየሰበሰበች ነው።