ብርሃኑ የት ጋ ጠፋ? ሦስት ሳምንት ከአንድ ሬፍሌክቶሜትር ጋር

ሥራዬ የሲሊከን ፎቶኒክስ ቺፖችን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ፋንታ ብርሃን የሚሄድባቸውን ቺፖች፣ መለካት ነው። ሌሎች ይነድፋሉ፣ ፋብሪካ ይሠራል፣ ቺፑ እኔ ጋ ሲደርስ ብርሃን አስገብቼ የሚወጣውን አያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ለሦስት ሳምንት ተከራይተን ስለሠራንበት አንድ መሣሪያ ነው። ሙሉ ስሙ ኦፕቲካል ፍሪኩዌንሲ ዶሜይን ሬፍሌክቶሜትር ይባላል። እኔ ሬፍሌክቶሜትር እያልኩ አሳጥረዋለሁ። የሠሪውን ስም አልጠራም። ምስጋናዬም ቅሬታዬም ይህን ዓይነት መሣሪያ ለመግዛት ወይም ለመከራየት ለሚያስብ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግነው ልንገራችሁ።

ቺፑ ላይ አራት ጥምዝምዝ ዌቭጋይዶች ነበሩ። ዌቭጋይድ ማለት የብርሃን ቦይ ነው። የእኛው ስፋቱ 500 ናኖሜትር፣ ከፍታው 220 ናኖሜትር የሆነ የሲሊከን ክር ነው፤ ዙሪያውን ሲሊካ ሸፍኖታል። የሲሊከን ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ (ብርሃን በቁሱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚነግር ቁጥር) 3.48 አካባቢ ነው፣ የሲሊካው ደግሞ 1.44። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ብርሃኑ ክሩ ውስጥ ታስሮ ይሄዳል፣ ሲጠመዘዝም አብሮ ይጠመዘዛል። ለዚህ ነው 4 ሴንቲሜትር የሚሆን መንገድ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገባው።

አራቱ ጥምዝምዞች 5 ሚሊሜትር፣ 1፣ 2 እና 4 ሴንቲሜትር ናቸው። ሐሳቡ የታወቀ ነው። ርዝመታቸው የተለያየ ቦዮች ላይ እኩል ብርሃን ታስገባለህ፣ የወጣውን በፓወር ሜትር ትለካለህ፣ ብክነቱን ከርዝመቱ አንጻር ግራፍ ላይ ታስቀምጣለህ። የመስመሩ ቁልቁለት በሴንቲሜትር ስንት ዴሲቤል (የብርሃን መቀነስ መለኪያ) እንደሚባክን ይነግርሃል። መግቢያና መውጫው ላይ የሚጠፋው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ቁልቁለቱን አይነካውም።

ሦስቱ ነጥቦች ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተቀመጡ፤ በሴንቲሜትር 2.2 ዴሲቤል ገደማ። ለእንዲህ ዓይነት ዌቭጋይድ ደህና የሚባል ቁጥር ነው። የ2 ሴንቲሜትሩ ግን ከመስመሩ 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ተገኘ። 6 ዴሲቤል ማለት መድረስ ከነበረበት ብርሃን ሩብ ያህሉ ብቻ ደረሰ ማለት ነው።

ፋይበሩን ጠርጌ ደግሜ አስተካከልኩት። በእኛ ቺፕ ብርሃኑ የሚገባው በግሬቲንግ ካፕለር ነው። ቺፑ ላይ በጥርስ በጥርስ የተፈለፈለች ትንሽ ቦታ ናት፤ ፋይበሩ ከላይ ጥቂት ዲግሪ ዘንበል ብሎ ብርሃኑን ያፈስባታል። ፋይበሩ ከትክክለኛው ቦታ በ2.5 ማይክሮሜትር ፈቀቅ ካለ 1 ዴሲቤል ይሄዳል። ሦስት ጊዜ አነሳሁት፣ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ያው 6 ዴሲቤል።

ነዳፊው ባልደረባዬ አጠገቤ ቆሞ ግራፉን ሲያይ ቆየ።

«እሺ፣ የት ጋ ነው የጠፋው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፓወር ሜትር ስንት እንደጠፋ እንጂ የት እንደጠፋ አይናገርም። መግቢያው ጋ ሊሆን ይችላል፣ መውጫው ጋ፣ መካከሉ ላይ። ሙሉ ጥምዝምዙን በማይክሮስኮፕ ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኔ ደከመ እንጂ ምንም አላገኘሁም። ሬፍሌክቶሜትሩን እንከራይ ያልነው ያን ጊዜ ነው።

መሣሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ሌዘሩ የሞገድ ርዝመቱን ሳያቋርጥ ይቀያይራል። ብርሃኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ቺፑ ይሄዳል፣ ግማሹ እዚያው መሣሪያው ውስጥ ይዞራል። ከቺፑ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ዘግይቶ ስለሚደርስ ውስጥ ከቀረው ጋር ሲገናኝ ሞገዳቸው አንድ አይደለም። ልዩነቱ እንደ ምት ይሰማል። ከሩቅ የመጣው ምቱ ፈጣን፣ ከቅርብ የመጣው ዘገምተኛ ነው። ከዚያ በፉሪየር ስሌት ምቶቹን ለያይቶ ከየትኛው ርቀት ስንት ብርሃን እንደተመለሰ ይስላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አይክሆፍ እና ኡልሪሽ እ.ኤ.አ. በ1981 ለፋይበር አሳይተውታል።

የቴሌኮም ሰዎች ለረጅም ፋይበር የሚጠቀሙበት፣ በጣም አጭር የብርሃን ብልጭታ የሚልከው ዓይነት እዚህ አይረዳም። እሱ የሚለየው በሜትር ደረጃ ነው፣ የእኛ ቺፕ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰ ነው። ይሄኛው የሞገድ ርዝመቱን 80 ናኖሜትር ያህል ሲጠርግ፣ ማለትም ከጫፍ ጫፍ ሲቀያይር፣ ፋይበር ውስጥ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ይለያል። ሲሊከን ቦይ ውስጥ ብርሃኑ የበለጠ ስለሚዘገይ 3.5 ማይክሮሜትር ድረስ ይወርዳል። ቢያንስ በወረቀት ላይ።

በጣም የወደድኩት ነገር አለ። የሲሊከን ቦይ ግድግዳው ፍጹም ልሙጥ አይደለም፤ በናኖሜትር ደረጃ ሻካራ ነው። ሁልጊዜ የምናማርረው ይህንን ሻካራነት ነው፣ አብዛኛው ብክነት የሚመጣው ከእሱ ስለሆነ። ግን እያንዳንዷ ሻካራ ቦታ ጥቂት ብርሃን ወደ ኋላ ትመልሳለች። ሬፍሌክቶሜትሩ የሚያነበው ያንን ነው። ስለዚህ ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ እንደ ረጅም ቁልቁለት መንገድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው አንጀቴ ራሰ። ስንት ዓመት ሙሉ ሁለት ጫፉን ብቻ የማውቀውን ነገር ውስጡን አየሁት።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጣጣ አልጠፋውም። አንደኛ፣ መሣሪያውን ከፋይበሩ ያገናኘሁት ሰማያዊ ማያያዣ ባለው ኬብል ነበር። ሰማያዊው ጫፉ ቀጥ ብሎ የተሞረደ ነው፣ አረንጓዴው 8 ዲግሪ ዘንበል ያለ። ቀጥ ያለው ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሳል። ስክሪኑ ላይ አንድ ግዙፍ ሹል ወጥቶ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። በአረንጓዴው ስቀይረው ጸጥ አለ። ፓወር ሜትር ብቻ ስትጠቀም እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ሳትል ልታልፈው ትችላለህ። እዚህ ግን አያሳልፍህም።

ሁለተኛው የበለጠ ጊዜ በላኝ። የ2 ሴንቲሜትሩ ጥምዝምዝ ስክሪኑ ላይ 5.7 ሴንቲሜትር ሆኖ ወጣ። ባልደረባዬ የንድፉን ፋይል ከፍቶ ደግሞ ለካው፤ 2 ሴንቲሜትር ነው። ችግሩ መሣሪያው ጊዜን ወደ ርቀት የሚለውጠው በፋይበር ቁጥር፣ በ1.468 መሆኑ ነበር። በእኛ ቦይ ይህ ቁጥር፣ ግሩፕ ኢንዴክስ የሚባለው፣ 4.2 አካባቢ ነው። ማለትም ብርሃኑ ፋይበር ውስጥ ከሚሄደው ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይዘገያል፣ መሣሪያውም መዘግየቱን እንደ ርዝመት ቆጠረው።

4.2ን ከየት አመጣሁት? እዚያው ቺፕ ላይ ራዲየሱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ቀለበት አለ። ቀለበቱ በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብርሃን ይውጣል፣ በስፔክትረሙ ላይ እንደ ጉድጓድ ይታያል። በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ርቀት 9.1 ናኖሜትር ነበር። የሞገድ ርዝመቱን፣ 1550 ናኖሜትርን፣ በራሱ አባዝተህ ለቀለበቱ ዙሪያ ልክና ለ9.1 ስታካፍል 4.2 ይወጣል። ይህን ቁጥር አስገባሁ፣ ጥምዝምዙ 2 ሴንቲሜትር ሆነ። ከአጠገቡ ቀለበት የሌለው ቺፕ ብለካ ኖሮ በግምት ነበር የምሄደው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ቁልቁለቱ ከመግቢያው ጀምሮ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። 11.4 ሚሊሜትር ላይ ሹል ነገር ብቅ ይላል። ወዲያው ከሹሉ በኋላ መስመሩ እንደ ደረጃ ዱብ ብሎ በሌላ ከፍታ ቁልቁለቱን ይቀጥላል።

ደረጃው 12 ዴሲቤል ነበር። ደነገጥኩ፣ እኔ የምፈልገው 6 ነውና። ከዚያ ትዝ አለኝ። ብርሃኑ ጉዳቱን ሁለት ጊዜ ያልፈዋል፣ ሲሄድና ሲመለስ። ሲካፈል 6። የቁልቁለቱም እንዲሁ፤ በሴንቲሜትር 4.4 ይል ነበር፣ ግማሹ 2.2። ከፓወር ሜትሩ ጋር ቁጭ። ሁለት የማይመሳሰሉ አሠራሮች አንድ ቁጥር ሲሰጡህ የሚሰማህን ደስታ የዚህ ሥራ ሰው ያውቀዋል።

ባልደረባዬ 11.4 ሚሊሜትሩ ጥምዝምዙ ላይ የቱ ጋ እንደሚውል በንድፉ ላይ አሰላ። አንድ ነጥብ ሳይሆን አጭር ቁራጭ ነው ያቀለመው። ግሩፕ ኢንዴክሱ በመቶ 1 ቢሳሳት ቦታው በ0.1 ሚሊሜትር ይሸሻል፣ ስለዚህ ወዲያና ወዲህ ያን ያህል ተወ። በዚያ ዙር ራዲየሱ 100 ማይክሮሜትር ስለሆነ የዙሩ ሲሶ ያህል ማለት ነው። ማይክሮስኮፑን 50 እጥፍ አድርገን እዚያ ቁራጭ ላይ ብቻ አተኮርን። ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቦዩ ላይ ተደግፋ የተቀመጠች። በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠረግናት፣ ንቅንቅ አላለችም። ብናኟ የገባችው ሲሊካው ከላይ ሳይለብስ በፊት ነው፤ ከሥሩ ተቀብራለች። ከዚያው ዋፈር (ቺፖቹ ከተቆረጡበት የሲሊከን ዝርግ) ሌላ ቺፕ ለካን፤ እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም። ንድፉ ነጻ ወጣ። ባልደረባዬ እፎይ ሲል ሰማሁት።

ስለዚህ «የት?» ለሚለው ጥያቄ ይህ መሣሪያ ጎበዝ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ቅሬታዎቼ ግን አሉ። ዋናው ብሮሹሩ ላይ ያለው ቦታን የመለየት ጥራት በግሬቲንግ ካፕለር በኩል አለመገኘቱ ነው። ካፕለሩ ደህና አድርጎ የሚያሳልፈው ከ30 እስከ 40 ናኖሜትር ያህል ነው። ሌዘሩ 80 ቢጠርግም ቺፑ ጋ የሚደርሰው ከዚያ የጠበበ ነው፣ ሹሎቹም ይወፍራሉ። ሙሉውን ጥቅም ማግኘት የሚፈልግ ከቺፑ ጠርዝ በኩል ማስገባት አለበት። ያ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። 2.5 ማይክሮሜትር የብርሃን ነጥብ ባለው ሌንስ ፋይበር ሲሠራ 0.6 ማይክሮሜትር መንሸራተት ብቻ 1 ዴሲቤል ይወስዳል። ሻጮች ይህን ቀድመው ቢናገሩ ጥሩ ነው፤ ለእኛ የነገረን የለም።

መስመሩ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ነው ቁልቁለት የሚመስለው። ቀረብ ብለው ሲያዩት እሾሃም ነው። ከብዙ ሻካራ ቦታዎች የሚመለሱት ብርሃኖች እርስ በርስ ሲደማመሩና ሲጠፋፉ አንዱ ነጥብ ይጎላል፣ ጎረቤቱ ይጠፋል። ልሙጥ ለማድረግ ጎረቤት ነጥቦችን ማማካኘት አለብህ፤ ያን ስታደርግ የቦታ ጥራቱ ይቀንሳል። 5 ሚሊሜትር በሆነችው አጭር ቦይ ላይ ቁልቁለቱን ማመን አቃተኝ። በ4 ሴንቲሜትሩ ላይ ግን ያለ ጭንቀት አነበብኩት።

ንዝረት አይወድም። ሌዘሩ እስኪጠርግ ጥቂት ሰኮንዶች ይፈጃል፣ በዚያ መሃል ፋይበሩ ከተነካ መስመሩ ይደበዝዛል። ጠረጴዛው አጠገብ የነበረውን ማራገቢያ አጠፋሁ። በር ላይም «ልኬት ላይ ነን» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ።

ሶፍትዌሩ ደግሞ በጣም ያናድዳል። በተከፈተ ቁጥር ኢንዴክሱን ወደ 1.468 ይመልሰዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ዴሲቤል የደርሶ መልስ ይሁን የአንድ ጉዞ፣ መመሪያው በግልጽ አይናገርም። እኔ ያወቅኩት ፓወር ሜትሩ ስለነበረኝ ነው። መሣሪያው ብቻ ያለው ሰው ብክነቱን እጥፍ አድርጎ ሪፖርት ሊጽፍ ይችላል። አንድ የሚያስመሰግነው ነገር ጥሬውን መረጃ በተራ የጽሑፍ ፋይል ማውጣቱ ነው፣ የራሴን ስሌት በእሱ ላይ ሠርቻለሁ።

ለቀለበቶች አልተጠቀምኩበትም፣ አልመክርምም። ቀለበት ውስጥ ብርሃኑ ደጋግሞ ስለሚዞር ስክሪኑ ላይ የማስተጋባት ጅራት ይሠራል። ለእነሱ ሞገዱ የሚቀያየር ሌዘርና ፓወር ሜትር ይበቃል፣ የቺፑን ሙቀት ግን ጠብቁ። በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ የቀለበቱ ጉድጓድ 0.08 ናኖሜትር ያህል ይሸሻል።

በየቀኑ መቶ ቺፕ አልፏል ወድቋል ለሚል ሰው ይህ መሣሪያ አያስፈልግም። አዲስ የአሠራር ሂደት ለሚሞክር፣ ወይም እንደ እኛ አንድ ያልታወቀ ብክነት አንገቱን ለያዘው፣ ለሁለትና ሦስት ሳምንት መከራየት ከበቂ በላይ ነው። ከመምጣቱ በፊት ቀለበቱን ለኩ፣ አረንጓዴ ኬብሎች አዘጋጁ፣ የንድፉን ፋይል በእጃችሁ ይዛችሁ ጠብቁ። እኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ያቃጠልነው ይህን ሳናደርግ ስለቀረን ነው።

መሣሪያው ተጠቅልሎ በተመለሰ ማግሥት ባልደረባዬ ቀጣዩን ንድፍ ከፍቶ አሳየኝ። ከእያንዳንዱ ጥምዝምዝ ጎን አንድ ቀለበት ተቀምጧል። በቦዩ ዳር ደግሞ በየ1 ሚሊሜትሩ በማይክሮስኮፕ የምትነበብ ቁጥር አለች፣ ብርሃኑን እንዳትነካ ራቅ ተደርጋ የተጻፈች። 11ኛዋን አጉልቶ አሳየኝና ፋይሉን ወደ ፋብሪካው ላከው።